ለሰሜን ሸዋ ግቢ የትኛው የበረሃ አበባ ይሻላል?

ሰኩለንት የሚባሉት ተክሎች፣ በቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው ውኃ የሚቋጥሩት፣ አሁን አሁን በየችግኝ ጣቢያውና በየመንገዱ ዳር ይሸጣሉ። ሰው የሚገዛቸው አበባቸውን አይቶ ነው። ሻጩም «ውኃ አይፈልግም፣ ዝም ብለህ ተወው» ይላል። የበረሃ ተክል ነውና ነገሩ እውነት ይመስላል። በእኛ አገር ግን እነዚህን ተክሎች የሚገድላቸው ጥማት አይደለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሥራቸውን ያበሰብሰዋል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ምርጫውን ከአበባ ቀለም አንጀምር። መጀመሪያ የሰፈራችሁን ሌሊት እዩ። ቀጥሎ አፈሩን። ከዚያ ግቢው ውስጥ ማን እንደሚውል፣ ሕፃን ይሁን በግ። ቀለሙ ከነዚህ በኋላ ይደርሳል። በዚህ ቅደም ተከተል የመረጠ ሰው አበባ ያያል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ሌሊቱን

ሰሜን ሸዋ አንድ አየር የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጣርማበር ላይ ሲደረስ ከ3,000 ሜትር ይታለፋል። ከዚያ ዋሻውን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የከፍታው ልዩነት ግን 1,500 ሜትር ያህል ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይለያያል ብላችሁ አስሉት። ላይኛው ግቢ ውስጥ ጠዋት አመዳይ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲታይ፣ ታች ያለው ሰው ሌሊቱን መስኮት ከፍቶ ነው የሚያድረው።

እንግዲህ «ሰኩለንት ሰሜን ሸዋ ላይ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳና የአንኮበር ሰው አንድ ዓይነት ዝርዝር ያስፈልገዋል። የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ሰው ሌላ። የአረርቲና የዓለም ከተማ ሰው ደግሞ ከሁለቱም መምረጥ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውርጭ በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን እኩል አይወርድም። ደመና የሌለበት፣ ነፋስ የማይነፍስበት ሌሊት ላይ መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል። ስለዚህ ወንዝ ዳርና ረባዳ ቦታ ያለ ግቢ፣ ዳገት ላይ ካለው ጎረቤቱ ይልቅ ይመታል። የድንጋይ ግድግዳ ሥር ያለ መሬት ደግሞ ይተርፋል፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳልና። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የቤታችሁ የደቡብ ግድግዳ ሥር ከሁሉም የተሻለው ቦታ ነው። ለስስ ተክል ያንን ቦታ አስቀምጡለት።

ደጋው ላይ፦ የአገር እሬት ወይስ ኤቼቬሪያ?

ለደጋ ግቢ ዋናው ፉክክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ያብባሉ፣ ሁለቱም ብርድ ያውቃሉ። ባሕርያቸው ግን በጣም ይለያያል።

እሬት ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው መራራነቱን ነው። እናቶች ልጅን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት እሱ ነው። አበባው ግን ብዙ አይወራለትም፤ እኔ ደግሞ ከዚህ አካባቢ አበቦች አንደኛ የማደርገው እሱን ነው። ኢትዮጵያ በእሬት ዝርያ የበለጸገች አገር ናት። ከነዚህ ዝርያዎች አንዱ የዕፅዋት ሊቃውንት አሎ ደብራና ብለው የሰየሙት ነው። ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው። ደጋው ሣር ላይ፣ ድንጋያማ መሬት ላይ በራሱ የሚበቅል ነው። ወፍራም ቅጠሎቹ ዙሪያውን ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸው ቅርንጫፍ ያለው ረጅም አገዳ ይወጣና ቀይ አበባ ይሸከማል። አበባው ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ስለሚከፈት አንድ አገዳ ለሳምንታት ያምራል። ቀጫጭን ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ። ማለዳ ላይ አገዳው በክብደታቸው ሲወዛወዝ ለማየት ብቻ መትከል ይገባል።

ሌላም ዘመድ አለው። አንኮበር አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ገደል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚበቅል እሬት አለ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክል ጊልበርት በ1997 እ.ኤ.አ. አሎ አንኮበረንሲስ ብለው መዝግበውታል። ይህን በሥፍራው እንየው፤ ለግቢ አንንቀለው። ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ዝርያ ነው። የቤት አፈር ላይ አምጥቶ ማስቀመጥ እሱንም ገደሉንም መጉዳት ነው። በጠቅላላው ከዱር እሬት መንቀል ጥሩ አይደለም። ዳገት ላይ ያለ እሬት አፈር ይዞ የቆመ ነው። ከተለመደው አሎ ቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች ሁሉ የዱር ተክሎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ተካተዋል። ከጎረቤት ግቢ፣ ከሥሩ ከሚያወጣቸው ልጆች መውሰድ ይበቃል።

ኤቼቬሪያ ከወዲያኛው ዓለም የመጣ ነው። አገሩ በዋናነት ሜክሲኮ ነው፤ ስሙም አታናሲዮ ኤቼቬሪያ ከተባለ ሜክሲኳዊ የዕፅዋት ሠዓሊ የተወሰደ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከሜክሲኮ ከፍተኛ ቦታዎች ስለመጡ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ የሆነ አየር ይስማማቸዋል። የደብረ ብርሃን በጋ ማለት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ አረንጓዴ ብቻ የነበረ ኤቼቬሪያ ደብረ ብርሃን ሲመጣ የቅጠሉ ጫፍ ቀይ ይሆናል። ቀለሙን የሚያወጣው ብርዱና ጠንካራው ፀሐይ ነው፤ ሰው ታመመብኝ ብሎ እንዳይደነግጥ። አበባው ከእሬት ያነሰ ነው። ጎንበስ ባለ ቀጭን አገዳ ላይ ሮዝና ብርቱካን ቀለም ያላቸው ትንንሽ ደወሎች ይደረድራል።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

ሜዳ ላይ፣ ክዳን በሌለበት፣ በቀጥታ መሬት ላይ የምትተክሉ ከሆነ የአገር እሬት ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ክረምቱንም ውርጩንም በአያት በቅድመ አያቱ ያውቀዋል። አጥር ጥግ፣ ከበር ወደ ቤት በሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ቁልቁለት ላይ አፈር እንዲይዝ፣ የትም ይሆናል። ቦታ ግን ይፈልጋል። አንዱ ከሌላው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሾህ ስላለው ሕፃናት በሚሮጡበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ አይሁን።

ኤቼቬሪያ ለበረንዳ፣ ለደረጃ፣ ለመስኮት ደፍ ነው። ትንሽ ነው፣ እሾህ የለውም፣ መርዝ የለውም። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው በረዶ ነው። የክረምቱ በረዶ ሲወርድበት ቅጠሉ ይጠቋቆርና ጠባሳው ቅጠሉ እስኪረግፍ አይለቅም። ሁለተኛው ከቅጠሎቹ መካከል የሚቋጥረው ውኃ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅጠሎቹ ጽዋ ሠርተው ነው የተደራረቡት። በጥቅምት ማታ ላይ ውኃ ካጠጣችሁት እዚያች መካከል የቀረችው ጠብታ ሌሊት ትበርዳለች። በማግሥቱ የልቡ ቅጠሎች መስታወት ይመስላሉ፣ በሦስተኛው ቀን ይጠቁራሉ። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ከጣራ ክዳን ሥር ይግባ፤ በበጋ ጠዋት ብቻ፣ ከሥሩ ብቻ ይጠጣ። ቅጠሉ ላይ ያለችውን ነጭ ዱቄት የመሰለች ነገርም በእጃችሁ አትጥረጉባት። ከፀሐይ የሚከላከልበት ሰሙ ነው፤ ከተጠረገች በዚያ ቅጠል ላይ አትመለስም።

የኤቼቬሪያ ትልቁ ጥቅም አንድ ገዝቶ ሃያ ማድረግ መቻሉ ነው። አንዲት ጤነኛ ቅጠል ከሥሯ ሳትቆረጥ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ነቅሉ። ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀን ትድረቅ። ከዚያ አፈር ላይ አጋድሟት፤ አትቅበሯት። ከሳምንታት በኋላ ከተነቀለችበት ጫፍ ሮዝ ክር የመሰሉ ሥሮች ይወጣሉ። ቀጥሎ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ትንሽ ተክል ብቅ ትላለች። እናት ቅጠሏ እስክትጨማደድ አትንኳት፤ ልጇን የምታጠጣው እሷ ናት።

ካብ ላላቸው ግቢዎች

ብዙ የደጋ ግቢ የድንጋይ ካብ አለው። ካብ ለነዚህ ተክሎች ምርጥ ቦታ ነው፤ ውኃ አይቋጥርም፣ ድንጋዩም ይሞቃል። እዚህ የማወዳድረው ኤዮኒየምንና አይስ ፕላንትን ነው።

ከኤዮኒየም ዘመዶች አንዱ የእኛው ደጋ ተወላጅ ነው፤ ገደልና ድንጋይ ላይ ይበቅላል። ቅጠሎቹ ጽጌረዳ መሳይ ክብ ሠርተው ግንድ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቢጫ አበባውን በአንድ ትልቅ ዘለላ ያወጣል። ያበበው ራስ ግን ከአበባው በኋላ ይሞታል። ጎን ለጎን ሌሎች ራሶች ካሉት ተክሉ ይቀጥላል፤ ነጠላ ከሆነ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሲገዙ ብዙ ራስ ያለውን መምረጥ ነው።

አይስ ፕላንት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው። ቅጠሉ ትንንሽ ጣት ይመስላል። አበባው የሚያብረቀርቅ ወይን ጠጅ ወይም ሮዝ ነው፤ ሲያብብ ቅጠሉ አይታይም። ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታል፣ ደመና ሲሆን ይዘጋል። ስለዚህ በክረምት ከእሱ ብዙ አትጠብቁ። ከመስከረም በኋላ ያለው ጥርት ያለ ፀሐይ የእሱ ጊዜ ነው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውርጭን ከብዙዎቹ ሰኩለንቶች በተሻለ ይቋቋማል፤ ዴሎስፐርማ የሚባለው ወገን በተለይ ጠንካራ ነው። ካቡን በአንድ ዓመት ቀለም ማልበስ ለሚፈልግ አይስ ፕላንት፣ ቀስ ብሎ ቅርጽ ያለው ነገር ለሚፈልግ ኤዮኒየም።

ቁልቋል ለሚወድ

ውርጭ የሚችለው ቁልቋል ሁሉ አይደለም፤ በውርጭ የሚሞተውም ሁሉም አይደለም። ለደጋ የምመርጠው ኤቺኖፕሲስ የሚባለውን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዓይነት ነው። ሥሩ ደረቅ ከሆነ ቀለል ያለ ውርጭ ያልፈዋል። እንዲያውም ብዙ ቁልቋሎች እምቡጥ ለመያዝ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ የዕረፍት ጊዜ ይፈልጋሉ። የደጋው በጋ ይህን በነፃ ይሰጣቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ «ደረቀብኝ» ብላችሁ ውኃ አታብዙበት። አበባው ረጅም ቱቦ ያለው፣ አፉ የሰፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው። ማታ ይከፈትና በማግሥቱ ይጠወልጋል። ለአንዲት ሌሊት ብሎ ዓመት መጠበቅ የማይወድ ሰው ይተወው። የሚወድ ሰው ግን ያን ሌሊት ጎረቤት ይጠራል።

በለስ፣ የባሕር ቁልቋል የምንለው፣ ቢጫ አበባው ደስ ይላል፤ ፍሬም ይሰጣል። ለአጥር እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ቅጠሉን ለመትከል ከሩቅ፣ በተለይ ከትግራይ በኩል ባታመጡ እመክራለሁ። እዚያ ኮችኒል የተባለው ነፍሳት በለሱን ክፉኛ አጥቅቶታል፤ ከቅጠሉ ጋር ተሳፍሮ ይመጣል። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር የተለጠፈበት ቅጠል ካያችሁ አትቀበሉ።

ቃጫ አበባ አለው ብሎ የሚገዛ ሰው ደግሞ አለ። አለው፤ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዴ ብቻ፣ ሜትሮች በሚረዝም ምሰሶ ላይ። ከዚያ ይሞታል። ለአበባ ብሎ የሚተከል አይደለም።

ቆላው ላይ፦ ዴዘርት ሮዝ ወይስ የእሾህ አክሊል?

ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ውርጭ የለም፤ ሙቀት እንደልብ ነው። እዚህ ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ።

ዴዘርት ሮዝ የሚባለው አዴኒየም አገሩ ሩቅ አይደለም። ከሳህል እስከ ምሥራቅ አፍሪካና ዓረብ ምድር ባለው ደረቅ ቆላ የሚበቅል ነው። ከታች ያበጠ ግንድ አለው፤ ውኃውን የሚቋጥረው እዚያ ነው። አበባው ሮዝና ቀይ፣ መካከሉ ነጣ ያለ፣ ትልቅ ነው። ሙሉ ፀሐይ፣ ሙቅ ሌሊትና ፈጥኖ የሚንጠፈጠፍ አፈር ካገኘ ደጋግሞ ያብባል።

ይህን ተክል ከሸዋ ሮቢት ገዝቶ ደብረ ብርሃን ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። አንዲት ጎረቤቴ እናት፣ ልጃቸው ከቆላ ያመጣላቸውን አይተው «ልጄ፣ ይኼ የቆላ ሰው ብርዳችንን ይችለዋል?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ እዚህ አይደላውም፤ ለእህትዎ ለአጣዬዋ ይላኩላቸው» አልኳቸው። መልሱ አሁንም ያው ነው። ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድ ሌሊት አዴኒየም ቅጠሉን ያራግፋል፣ ማደጉን ያቆማል። በዚያ ላይ እርጥበት ካገኘው ግንዱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ግንዱን በጣት ጫን ስትሉት እንደ ድንች ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ጎድጎድ ካለ ወይ ጠምቶታል ወይ በስብሷል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው፤ ርጥብ ከሆነ ብስባሽ ነው። የበሰበሰውን ክፍል በንጹሕ ቢላ እስከ ነጩ ድረስ ቆርጦ ማድረቅ አንዳንዴ ያድነዋል።

የእሾህ አክሊል ከማዳጋስካር የመጣ፣ ወተት ያለው የአገራችን ቁልቋል ዘመድ ነው። ቀይ አበባው የሚመስለው ነገር በእውነቱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መካከል ላይ ያለችው ትንሿ ናት። ለዚህም ነው ቀለሙ ቶሎ የማይረግፈው። በቆላ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቀለም አያጣም። ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ይባዛል። የተቆረጠበትን ወተት በውኃ አጥቦ፣ ለሳምንት ያህል በጥላ አድርቆ መትከል ነው።

በውበት አዴኒየም ይበልጣል። በጽናት የእሾህ አክሊል ይበልጣል። ግቢው ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ከሆነ አዴኒየምን በማሰሮ፣ የእሾህ አክሊልን ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርጉ። ሁለቱንም ማን ሊነካቸው እንደሚችል ግን አስቀድማችሁ አስቡ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

በአንድ ወቅት ብቻ ብዙ ቀለም ማየት ለሚፈልግ ፖርቹላካም አለ። ዘሩን በትኖ ትንሽ ማርጠብ ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ከሰዓት ይዘጋል፣ ከወራት በኋላ ያልቃል።

ወይና ደጋውና የካላንቾ ነገር

አረርቲና መሰል ቦታዎች ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እሬትም፣ የእሾህ አክሊልም፣ ኤቼቬሪያም ይሆኑላችኋል። አሎ ቬራም ሜዳ ላይ ይኖራል፤ ቢጫ አበባ ያወጣል። ደጋ ላይ ግን ውርጭ ይመታዋል፤ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው።

እዚህ ላይ ስለ ካላንቾ ልናገር፤ ሰው ከሁሉ አብዝቶ የሚጠይቀው እሱን ነው። ካላንቾ በየአጥሩ ሥር የምናውቀው የእንዳሁላ ዘመድ ነው። የሚሸጠው ባለ ብዙ ቀለሙ ከማዳጋስካር የመጣ ነው። ሲገዛ በአበባ የተሸፈነ ነው። ከዚያ ዓመት ሁለት ዓመት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ሰዎች ማዳበሪያ ይጨምራሉ፣ ውኃ ይጨምራሉ። ችግሩ ግን መብራት ነው። ካላንቾ እምቡጥ የሚይዘው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በእኛ አካባቢ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በተፈጥሮ ጊዜው ይደርስለታል። ነገር ግን በረንዳ ላይ ሌሊቱን የሚበራ አምፖል ካለ ተክሉ ሌሊቱን ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። ወይ ጨለማ ወደሆነ ጥግ አዙሩት፣ ወይ ለስድስት ሳምንት ያህል ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በካርቶን ሸፍኑት። ቀን ቀን ሙሉ ብርሃን ያግኝ። ከዚያ እምቡጡን ታያላችሁ።

ከኤቼቬሪያ ጋር ሲወዳደር ካላንቾ በአበባ ብዛት ያሸንፋል። ውርጭ በሚወርድበት ግቢ ግን አያድርም፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ሕፃንና በግ ካለ

ይህን ክፍል በፍጥነት አትለፉት። አዴኒየም መርዛማ ነው፤ ፈሳሹ ልብን የሚያውክ ነገር አለው፣ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ቀስት ለመመረዝ ይጠቀሙበት ነበር። ካላንቾ ለከብትና ለበግ መርዝ ነው፤ እሱም ልብ ላይ ነው የሚሠራው። የእሾህ አክሊል ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ አደገኛ ነው። የእሬት ቢጫ ፈሳሽ ሆድ ያስቀምጣል። ኤቼቬሪያ ግን ምንም የለውም።

በግ በግቢ የምታሳድሩ ከሆነ፣ በበጋ ሣር ሲጠፋ በግ ያላየውን ቅጠል ሁሉ እንደሚቀምስ ታውቃላችሁ። ካላንቾን በፍጹም በጎች በሚደርሱበት አትትከሉ። የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ የእኔ ምርጫ ኤቼቬሪያ ብቻ ነው። ሌሎቹ ልጁ እስኪያድግ ይጠብቁ። ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።

አፈሩ

ደጋው ላይ አብዛኛው መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ለነዚህ ተክሎች ጠላት ነው። አፈራችሁን ለመፈተን ሁለት ስንዝር ያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ውኃ ሙሉት። ማታ ሞልታችሁት ጠዋት ላይ ውኃው ካለ፣ መሬት ላይ በቀጥታ አትትከሉ።

መፍትሔው በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው በዋልካ ላይ የሚያደርገው ነው፤ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ ማድረግ። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራችሁ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ከአፈሩ ግማሽ ያህሉ ጠጠር ነገር ይሁን። ብሎኬት የሚመቱ ሰዎች ጋ የሚገኘው ፑሚስ ወይም ሬድ አሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ ውኃ አያስቀምጥም። እሱ ካልተገኘ ዜሮ ዜሮ ጠጠር ወይም ሻካራ የወንዝ አሸዋ። ደቃቅ አሸዋ አይሆንም፤ ከዋልካ ጋር ተቀላቅሎ ይደነድናል። ቅልቅሉን አርጥባችሁ በእጃችሁ ጨብጡት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ልክ ነው፣ ቅርጹን ይዞ ከቀረ ጠጠር ጨምሩ። ፍግ ከጨመራችሁ በደንብ የበሰበሰ፣ ጥቂት ብቻ።

የጣራ ጠፈጠፍ የሚወርድበትን መስመር አስተውሉ። ብዙ ሰው ግድግዳ ሥር ሲተክል ልክ እዚያ መስመር ላይ ያሳርፈዋል። ቆርቆሮው የሰበሰበው ዝናብ በሙሉ እዚያ ላይ ይወርዳል። ወይ ከመስመሩ ወደ ውስጥ፣ ወይ ራቅ አድርጉ።

መሬት ወይስ ማሰሮ፣ መቼስ?

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ግቢያችሁ ረባዳ ከሆነ ማሰሮ ይሻላል። የሸክላ ማሰሮ ከፕላስቲክ ይበልጣል፤ በጎኑ ይተነፍሳል፣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። የቀለም ባልዲ ወይም ጀሪካን ከሆነ ሥሩን በደንብ ብሱት፤ አንድ ቀዳዳ አይበቃም። ማሰሮ ከመሬት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ደጋ ላይ በውርጭ ሌሊት ግድግዳ ተጠግቶ ይደር። ሜዳ ላይ ያለውን ስስ ተክል በአሮጌ ነጠላ ወይም በጆንያ ሸፍኑት፤ ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያስተላልፋል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ መግለጥ አይረሳ።

ለመትከል፣ ደጋ ላይ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። የበልጉ ካፊያ ሥር ለማውጣት ይበቃዋል፤ ክረምቱ ሲገባ ተክሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቆላ ላይ ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት። ከጎረቤት የእሬት ልጅ ስትወስዱ የራሱ ሥር ያለውን ምረጡ፣ ከእናቱ በሹል ነገር ለዩት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከተከላችሁ በኋላም የመጀመሪያውን ውኃ ለጥቂት ቀናት አቆዩት።